ልጄ የአጋዘኖቹን መገደል የሚቃወም ፊርማ እያሰባሰበች ነው፤ ልፈርምላት?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጓሯችን ከፓርኩ ጫካ ጋር ይዋሰናል። አጋዘኖች ማታ ማታ ይመጣሉ፤ ልጄም ፖም ትጥልላቸዋለች። ሰሞኑን ፓርኩ መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በብርዱ ወራት፣ ሌሊት ሌሊት፣ በአነጣጥሮ ተኳሾች ቁጥራቸው ይቀነሳል ይላል። ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ሥጋ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማስታወቂያውን ያየች ቀን ስታለቅስ አመሸች። አሁን ከጓደኞቿ ጋር የተቃውሞ ፊርማ ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች ነው፤ እኔም እንድፈርም ትፈልጋለች። ባለቤቴ ደግሞ ባለፈው ኖቬምበር ኡበር ሲሠራ አንዷን ገጭቶ መኪናው ሦስት ሳምንት ጋራዥ ስለቆመ «እንኳን ቀነሷቸው» ባይ ነው። እኔ መሃል ላይ ቀርቻለሁ። መግደል ለምን አስፈለገ? እንዳይወልዱ ማድረግ አይቻልም ወይ? ተቃዋሚዎቹስ እውነት አላቸው?

መልስ፦

እህቴ፣ አቋሜን ሳልደብቅ ልጀምር። የዱር እንስሳት ባለሙያ ነኝ። በዚሁ በዋሽንግተን ዙሪያ ስለ አጋዘን ቁጥር ሲመከር ለዓመታት ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። እናንተ ሰፈር እንዳለው ባለ ፓርክ ውስጥ ቁጥራቸው መቀነስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በእጃችን ባለው ዘዴ ደግሞ ይህ ያለ ግድያ አይሆንም። ቢሆንም የልጅዎን እንባ አልንቀውም። ተቃዋሚዎቹ ከሚያነሱት ነገር ብዙው እውነት ነው። ሥራችን ዛሬ ከበፊቱ የተሻለ ከሆነ፣ በከፊል እነሱ ስለጮሁብንና ፍርድ ቤት ስላቆሙን ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ላንሳ፤ ጉዳዩን ስለሚያስረዳልኝ ነው። አገር ቤት «አጋዘን» የምንለው እንስሳ ከዚህኛው ጋር ዝምድናው የራቀ ነው። የባሌው የደጋ አጋዘን ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የአሜሪካው ወንድ ግን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥልና እንደገና ያበቅላል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ያለውም ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። እዚያ እያንዳንዷ ነፍስ ትቆጠራለች፤ አንዲቷ ስትሞት ያስደነግጣል። እዚህ ያለው ጭራው ነጭ የሆነው አጋዘን ደግሞ በመላው አሜሪካ ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ብዙዎቻችን «የዱር አራዊት እየጠፉ ነው፣ አትንኳቸው» የሚለውን ይዘን ነው የመጣነው። ለአገራችን ትክክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው።

እዚህም ቢሆን ሁሌ እንዲህ አልነበረም። በ1900 አካባቢ በመላ አገሪቱ የቀሩት ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም ነበር። ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ጨርሰዋቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሌሲ አክት የተባለው፣ በሕገወጥ መንገድ የታደነ አውሬን ከግዛት ግዛት ወስዶ መሸጥን የከለከለው የፌደራል ሕግ ወጣ፤ በየግዛቱም ጥበቃው ጠበቀ። አጋዘኑ ተመለሰ። ይበሉት የነበሩት ተኩላና ፑማ (ትልቁ የአሜሪካ የዱር ድመት) ግን ከአብዛኛው የምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ጠፍተው ነበር፤ እነሱ አልተመለሱም። ከዚያ ሰው ከከተማ እየወጣ በየጫካው ዳር ቤት ሠራ። አጋዘን የሚወደው ጥቅጥቅ ያለውን ጫካ አይደለም፤ የጫካውን ዳር ነው። ቀን ጫካ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ማታ ወጥቶ ሳርና አበባ ይበላል። እኛ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ የጫካ ዳር አደረግነው። አደን በቤቶች መሃል አይፈቀድም። ምግቡ ሞልቷል። ሴቷ ከተመቻት በዓመት መንታ ትወልዳለች፤ መንጋውም በሁለት ሦስት ዓመት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ከእናንተ ብዙም የማይርቀውን የዋሽንግተኑን ሮክ ክሪክ ፓርክ እንውሰድ። ፓርኩ የተቋቋመው በ1890 ነው። አጋዘን እዚያ መታየት የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በኋላ ግን ቁጥሩ በአንድ ስኩዌር ማይል ከ60 በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ጫካው ራሱን እንዲተካ የፓርኩ ባለሙያዎች ያስቀመጡት ግብ ከ15 እስከ 20 ነው።

«ራሱን መተካት» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርዎት፤ የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። አጋዘን የበዛበትን ጫካ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል። ጠጋ ብለው ከወገብዎ በታች ይመልከቱ። ባዶ ነው። የባሉጥ ፍሬ በየዓመቱ ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ ጣት ሳያክል ይበላል። አጋዘን የማይወዳቸው ከእስያ የመጡ ሳሮችና አረሞች ብቻ ይቀራሉ። ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች መኖሪያ ያጣሉ። ዛፎቹ አርጅተው ሲወድቁ ደግሞ ተተኪ የለም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ማለት ነው። ሮክ ክሪክ ውስጥ ይህን ለመለካት የተሠሩ ትናንሽ የታጠሩ ቦታዎች ነበሩ። ከአጥሩ ውስጥ ችግኝ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ፣ በተመሳሳይ አፈርና በተመሳሳይ ዝናብ፣ ችግኙ በጣም ያነሰ ነበር። ልጅዎን አንድ ቀን እንዲህ ያለ አጥር አጠገብ ቢያቆሟት ከእኔ ንግግር የበለጠ ይገባታል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ይህን መለየት ይጠቅማል። አንደኛው ወገን የእንስሳት መብት ተሟጋች ነው። ለእነዚህ ሰዎች እያንዳንዷ አጋዘን የራሷ ሕይወት ያላት፣ የምትፈራ፣ የምትጎመጅ፣ ግልገሏን የምታውቅ ፍጡር ናት። «ለጫካው ስትል ትሙት» ማለት ለእነሱ «ለሰፈሩ ጥቅም እገሌ ይሙት» እንደማለት ነው። ሌላው ወገን የሚጨነቀው ስለ ሥቃዩ ነው። መሞቷ ካልቀረ በምን ይሙት፣ ስንት ደቂቃ ትሠቃይ ብሎ ይጠይቃል። ከሁለተኛው ወገን ጋር ሁልጊዜ ተስማምቼ ሠርቻለሁ። ከመጀመሪያው ጋር አልስማማም፤ ግን ቅንነቱን አልጠራጠርም። እኔ የሠለጠንኩት መንጋ ለማየት ነው፤ እነሱ የሚያዩት ፊት ነው። ልጅዎም ፊት ነው የምታየው፤ ፖም የበላችላትን አጋዘን ፊት።

የሮክ ክሪኩ ክርክር ይህን ሁሉ አንድ ላይ አምጥቶታል። የፓርኩ አስተዳደር በ2012 ዕቅዱን ሲያጸድቅ «ኢን ዲፌንስ ኦፍ አኒማልስ» የተባለው ድርጅት ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። ይዘው የቀረቡት መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። ፓርኩን ያቋቋመው የ1890 ሕግ በውስጡ ያሉት ዛፎችና እንስሳት ከጉዳት ተጠብቀው፣ በተቻለ መጠን በተፈጥሯዊ ሁኔታቸው እንዲቆዩ ያዛል። ከሳሾቹ «እንስሳት ይጠበቁ ካለ፣ እንዴት ትተኩሳላችሁ?» አሉ። አስተዳደሩ ደግሞ «ዛፎችም ይጠበቁ ይላል፤ አጋዘኑ ዛፉን እየጨረሰው ነው» አለ። ያንን ሕግ ያኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት የጻፉት ሰዎች አንዱ ሌላውን የሚበላበት ቀን ይመጣል ብለው አላሰቡም።

ጉዳዩን ያዩት የፌደራል ዳኛ ሮበርት ዊልኪንስ በማርች 2013 ለፓርኩ ፈረዱ። ተኩሱ የተጀመረው በዚያው ወር ነው። ከሳሾቹ ይግባኝ ብለው በጃንዋሪ 2015 የይግባኙ ፍርድ ቤትም ያንኑ አጸና። ተቃዋሚዎቹ በፍርድ ቤት ተሸነፉ ማለት ነው። ባዶ እጃቸውን ግን አልተመለሱም። ዕቅዱ መጀመሪያ በጥይት ከቀነሰ በኋላ፣ ብቁ የሆነ የወሊድ መከላከያ ሲገኝ ቁጥሩን በዚያ ይጠብቃል የሚል ክፍል አለው። የሚተኩሱት ስፖርት አዳኞች አይደሉም፤ የፌደራል የግብርና መሥሪያ ቤቱ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ሌሊት፣ ፓርኩ ተዘግቶ፣ ማታለያ ምግብ በተቀመጠበት ቦታ፣ በቅርብ ርቀት ነው የሚተኩሱት። ሥጋው ዲሲ ሴንትራል ኪችን ለተባለው፣ ቤት ለሌላቸውና ለተቸገሩ ሰዎች ምግብ ለሚያበስለው ድርጅት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሕዝብ እንዲያውቀው ያስገደደው በየስብሰባው የሚነሳው ጥያቄ ነው።

ተቃውሞ መስመር ሲስትም አይቻለሁ። ኒው ጀርሲ፣ ፕሪንስተን ውስጥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ ሥራ ሲጀመር የከንቲባዋ መኪና ላይ የአጋዘን ሆድ ዕቃ ተደፍቶ ተገኝቷል። ልጅዎና ጓደኞቿ ግን ፊርማ ነው የያዙት። ይህ ያስመሰግናል።

የወሊድ መከላከያውን ጥያቄ ልመልስ። አዎ፣ አለ። ከእናንተ ቤት በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ጌይተርስበርግ በሚገኘው የፌደራል የመለኪያና ቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ ውስጥ ለዓመታት ተሞክሯል። ፒዜድፒ የሚባል ክትባት ነው። ሴቷን ከሩቅ በመርፌ ይወጓታል፤ ሰውነቷ የወንዱ ዘር ከእንቁላሏ ጋር እንዳይገናኝ የሚከለክል መከላከያ ያመርታል። በዚያ ግቢ ከ1997 እስከ 2002 ቁጥሩ በዓመት በአማካይ 7.9 በመቶ ቀንሷል። ይህ ተስፋ ነው። ተቃዋሚዎቹ «ይቻላል» ሲሉ ከአየር አይደለም የሚያወሩት።

ታዲያ ለምን ሁሉም ቦታ አይሠራም? ክትባት የተሰጣት አጋዘን አትሞትም። ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። በየቀኑም ችግኙን ትበላለች። ስለዚህ ክትባት መንጋው እንዳይጨምር ይረዳል፤ የበዛውን በፍጥነት አያወርድም። ሌላው፣ አብዛኞቹን ሴቶች ማግኘት ግድ ነው፤ ከዚያም መድገም ያስፈልጋል። የተከለለ ግቢ ውስጥ፣ የሚታወቅ መንጋ ላይ፣ ይሆናል። ጫካው ከጫካ፣ ጓሮው ከጓሮ በተያያዘበት ሰፈር ግን ከጎረቤት ያልተከተቡት ይገባሉ። የሚገርመው ደግሞ ክትባቱ የሚሠራው ከቄራ ከሚመጣ የአሳማ ኦቫሪ (እንቁላል ከሚያመርተው አካል) ነው። በዚህ ምክንያትና በሌላም የሚቃወሙት የእንስሳት መብት ሰዎች አሉ። «ሰው ለምን በአጋዘኗ ማህፀን ላይ ያዛል?» ይላሉ።

ቀዶ ጥገናም አለ። ሴቷን ይዞ፣ አደንዝዞ፣ ኦቫሪዋን ማውጣት ነው። በአንዷ ከ1,000 ዶላር በላይ ይፈጃል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ግቢውን ከአጋዘን ለማሳረፍ ብሎ ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር፤ የሴቶቹን የዘር ቱቦ ቋጠረ። ኦቫሪው ስላልወጣ ሴቶቹ ሳያረግዙ በየወሩ ወንድ ይፈልጋሉ። ጠረናቸው ወንዶቹን ከአካባቢው ሁሉ ጠራ። ሴቶቹ አልወለዱም፤ የአጋዘኑ ቁጥር ግን አልወረደም። ስታተን አይላንድ ላይ የኒው ዮርክ ከተማ ከ2016 ጀምሮ ወንዶቹን አምክኗል። ብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ከተማው አደን ስለማይፈቅድና ቦታው ደሴት ስለሆነ የተመረጠ መንገድ ነው፤ ቁጥሩንም ዝቅ አድርጎታል። ግን በዓመታት ነው፣ ቀስ እያለ። ገንዘብ ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ የተከለለ ቦታ ያለው ይሞክረው እላለሁ። ገና እንደ አሁኑ የበዛበትና በየአቅጣጫው ክፍት የሆነ ፓርክ ግን አይጠብቅም።

«ሌላ ቦታ ውሰዷቸው» የሚለውም ይነሳል። አጋዘን ሲያዝ በድንጋጤ ብቻ ጡንቻው ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። የተረፈውም በማያውቀው ቦታ ብዙ አይቆይም። በዚያ ላይ አንጎልን የሚበላ ገዳይ የአጋዘን በሽታ በየግዛቱ እየተዛመተ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ታይቷል። በሽታውን ጭኖ ማዞር ማንም አይፈልግም። «አውሬው ይቀንሳቸው» የሚሉም አሉ። ፔንስልቬንያ በሚገኘው ቫሊ ፎርጅ ፓርክ ተቃዋሚዎች ኮዮቲ (ከተኩላ የሚያንስ የዱር ውሻ) ይበረታታ ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል፤ አልተሳካም። ያ ፓርክ አምስት ስኩዌር ማይል ገደማ ነው፤ በ2009 ውስጡ 1,277 አጋዘን ተቆጥሯል። ኮዮቲ ግልገል ይበላል። ሮክ ክሪክም ከ2004 ጀምሮ ኮዮቲ አለው። የተኩላን ሥራ ግን አይሠራም።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት «ብትገድሉም ይመለሳል» የሚለውስ? ግማሽ እውነት ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ለቀሩት ምግብ ይበዛል፤ የጠገበች እናት ደግሞ መንታ ትወልዳለች። አንድ ክረምት ተኩሶ ማቆም ከንቱ ግድያ ነው። ይህን የሚያደርግ ካውንቲ ካለ እኔም እቃወመዋለሁ። ሥራው ከተጀመረ በየዓመቱ ነው፤ እየተቆጠረ፣ ችግኙ እየተለካ። ማስታወቂያ የለጠፈው አካል ይህን ዕቅድ ይዞ ካልሆነ ልጅዎ ልትጠይቀው ይገባል።

ስለ መዥገርም እንዲሁ። ላይም የሚባለው በሽታ ሲነሳ ሁሉም ጣቱን አጋዘኑ ላይ ይቀስራል። በአሜሪካ በዓመት ወደ 476,000 ሰው ለላይም በሽታ እንደሚታከም ይገመታል፤ ቀላል አይደለም። ግን መዥገሯ ተህዋሲውን የምታገኘው በዋናነት ከአይጥ ነው። አጋዘኑ የጎልማሳዋ መዥገር ድግስ ነው፤ ደሙን ጠጥታ እንቁላል የምትጥለው በእሱ ነው። ሜን ግዛት ሞንሄጋን በምትባል ደሴት በ1990ዎቹ መጨረሻ አጋዘኑ ጨርሶ ሲወገድ መዥገሯ በጣም ቀነሰች። ያ ደሴት ነው፤ ሁሉም ተወግዷል። እናንተ ሰፈር ከ60 ወደ 20 ቢወርድ የላይም በሽታ ይጠፋል ብሎ የሚነግርዎት ሰው ካለ አይመኑት። ተቃዋሚዎቹ እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። (ሌላ መዥገርም አለች፤ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት። ከነከሰች በኋላ ቀይ ሥጋ የማይስማማው ሰው እየበዛ ነው። ቁርጥ የሚወድ ቤተሰብ ከጓሮ ሲገባ እግሩን ይፈትሽ።)

ቀስትን በተመለከተ ደግሞ ሳላንገራግር ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ። አንዳንድ ካውንቲ፣ ለምሳሌ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ፣ በቀስት አዳኞች ይጠቀማል። ርካሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ለጎረቤትም አያሰጋም። ግን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኢንዲያን ሄድ የባሕር ኃይል ግቢ ውስጥ ለዓመታት የተያዘ መዝገብ ቀስት ካገኛቸው አጋዘኖች 18 በመቶው ሳይገኙ እንደቀሩ ያሳያል። ቆስለው ሄደዋል ማለት ነው። የቆሰለች አጋዘን የሰው ጓሮ ውስጥ ገብታ ስትሞት ሕፃናት ያያሉ። ማስታወቂያችሁ ቀስት ቢል ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

አንድ ሌላ የሚከብድ ነገር አለ፤ ልጅዎ ካላወቀች በቅርቡ ታውቀዋለች። ተኩሱ የሚካሄደው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። አጋዘን የሚጣመደው ኖቬምበር ላይ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ሴቶቹ እርጉዝ ናቸው። ያ ወቅት የተመረጠው ቅጠል ስለረገፈና አጥርቶ ስለሚያሳይ፣ ፓርኩም ባዶ ስለሚሆን፣ ያለፈው ዓመት ግልገሎችም ያለ እናት መኖር ስለሚችሉ ነው። ሰመር ላይ ቢሆን ጡት የሚጠባ ግልገል በረሃብ ይሞታል። ምክንያቱ ትክክል ነው። ግን አይቀልም። ይህን ሥራ ቀላል ነው ከሚል ባለሙያ ጋር አልሠራም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እኔን አቋሜ ላይ ያቆመኝን ልንገርዎት። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት ወደ ቤቴ ስነዳ ከፊቴ የነበረ መኪና አንዲት አጋዘን ገጨ። ወረድን። ሁለቱ የኋላ እግሮቿ ተሰብረዋል። በፊት እግሮቿ ራሷን ወደ ጫካው ለመጎተት ትታገላለች። የዚያ ዓመት ግልገሏ ዛፎቹ ጋ ቆሞ ያያታል። ፖሊስ መጥቶ በሽጉጥ እስኪያሳርፋት 40 ደቂቃ ፈጀ። ሰባት ሆነን ቆመን እናይ ነበር። ማንም አላወራም።

ያቺ አጋዘን በማንም ዕቅድ ውስጥ አልነበረችም። ለእሷ የተሰበሰበ ፊርማ የለም። በአሜሪካ ከአጋዘን ጋር የሚደረገው ግጭት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ከእንስሳ ጋር በመጋጨት የሚሞተው ሰውም ወደ 200 ይጠጋል። ጥይት ባለቤት አለው፤ የተኮሰው ሰው ይታወቃል፣ ይከሰሳል፣ ይጠየቃል። መኪናው ግን ባለቤት የለውም። ሁላችንም ነን። ቁጥሩ ሲበዛ የሚሞቱት አይቀሩም፤ የሚሞቱበት መንገድ ነው የሚለየው። ከአንዲት ጥይትና ከ40 ደቂቃ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ጥይቱን እመርጣለሁ።

አንድ ተቃዋሚ ለዚህ የመለሰልኝን አልረሳውም። «መኪናው አደጋ ነው፤ ጥይቱ ውሳኔ ነው። ሁለቱን እኩል አታድርግ» አለኝ። ልክ ነው፣ ልዩነት አለ። ግን ተኩላውን ያጠፋነው፣ ጫካውን የቆራረጥነው፣ መንገዱን በመንጋው መሃል ያሳለፍነው እኛ ነን። ካሁን በኋላ ዝም ማለትም ውሳኔ ነው።

ወደ ፊርማው ልመለስ። መጀመሪያ ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡት። «አጋዘን በምንም ምክንያት አይገደል» ብቻ የሚል ከሆነ እኔ አልፈርምም፤ ለልጅዎም ምክንያትዎን ይንገሯት። ከላይ ያለውን አጥርና ያቺን አጋዘን ይንገሯት። በዚያው ግን ሌላ ወረቀት እንድትጽፍ ይርዷት። ቁጥሩ እንዴት እንደተቆጠረ ይገለጽ። ከተኩሱ በኋላ ችግኙ ይለካ፣ ውጤቱ ለሰፈሩ ይነገር። ቀስት አይግባ። አጋዘን በሚበዛበት መንገድ ላይ የሌሊት ፍጥነት ይቀነስ። ቁጥሩ ግቡ ላይ ሲደርስ ክትባት ይሞከር። ይህን ወረቀት ብታመጣልኝ እኔም እፈርማለሁ። ካውንቲው የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራም ይዛው ትሂድ፤ ወጣት ተነሥቶ ሲጠይቅ ባለሥልጣን ተጠንቅቆ ነው የሚመልሰው።

ሥጋ መተዋን ደግሞ ከዚህ ክርክር ጋር አያምታቱባት። ጾም በሚያውቅ ቤት ሥጋ የማትበላ ልጅ ችግር አይደለችም። ሽሮውና ምስሩ አለ። እሷ አመቱን ሙሉ የምታደርገው ነው፣ ሌሎቻችን ግማሹን።

ለባለቤትዎ ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር፣ በተለይ ኖቬምበር፣ ፀሐይ ስትጠልቅና ልትወጣ ስትል ፍጥነቱን ይቀንስ። አንዷ ካለፈች ሌላዋ ከኋላዋ አለች፤ ገና አልጨረሱም ብሎ ይጠብቅ። ፊቱ ከመጣችበት ደግሞ ፍሬኑን አጥብቆ ይያዝ እንጂ መሪ አይጠምዝዝ። ከአጋዘን ሸሽቶ ዛፍ ወይም ሌላ መኪና የገጨ ሰው ነው የበለጠ የሚጎዳው። ኢንሹራንሱንም ያጣራ፤ አጋዘን መግጨት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈነው ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባለው ክፍል ነው፤ ግዴታ የሆነውን ብቻ የገዛ ሾፌር ከኪሱ ይከፍላል።

የፖሙ ነገር ግን ዛሬውኑ ይቁም። ልጅዎን የሚከብዳት ይህ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ከፍቅር ነውና የምታደርገው። አጋዘን በብርድ ወራት ሆዱ ቅርንጫፍና እንቡጥ ለመፍጨት ራሱን ያዘጋጃል። ድንገት ፖም ወይም በቆሎ ሲገባበት ሆዱ በአሲድ ይሞላል፤ ጠግቦ የሚሞት አጋዘን አይቻለሁ። ደግሞ አንድ ጓሮ ላይ ሲሰበሰቡ በሽታ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፖሙን ለመብላት የሚመጡት ሁሉ ከጫካው ብቻ አይመጡም። ከመንገዱ ማዶ ያሉትም ይሻገራሉ፤ ማታ፣ ባለቤትዎ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት።